ሙቀጫውን ይሰማል፣ እኔን አይሰማኝም

ባለፈው ክረምት ደሴ ገባሁ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጦሳ በጭጋግ ተሸፍኖ አናቱ አይታይም ነበር። በሁለተኛው ቀን ሆጤ፣ ያደግሁበት ግቢ ጎረቤት፣ ቡና ተጠራሁ። ወሎ ላይ ቡና ተጠርተህ እምቢ አትልም። ልበል ብትልስ ማን ሰምቶህ!

እማማ (ግቢው በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው) ቡናውን ቆልተው ለመውቀጥ እየተሰናዱ ነበር። ልጃቸው ሁለት ወንዶች አሏት። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው። አይናገርም። ግሸንም ጀማ ንጉሥም ወስደውታል። ወሎ አይደል፣ ጠበሉም ዱዓውም የጋራ ነው። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወስደውት ኦቲዝም ነው ተባሉ፤ ከሕፃንነት ጀምሮ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ሁኔታ ነው። ትንሹ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ቄጠማው ላይ ቁጭ ብሎ አንድ አንድ እየመዘዘ ይደረድራል። ሸጋ ልጅ! ጉንጩ ብቻ ሁለት ኪሎ ይወጣዋል።

እማማ ስሙን ጠሩት። ዝም። አቆላመጡት። ዝም። ሦስተኛም ጠሩት። ከዚያ ዘነዘናውን አንስተው ሙቀጫው ውስጥ አንዴ ዱቅ ሲያደርጉት ልጁ ቀና አለ። ያየው ሙቀጫውን ነው።

"አያችሁልኝ? ሙቀጫውን ይሰማል፣ እኔን አይሰማኝም። ወንድምየውም እንዲህ ነበር" አሉ።

ቤቱ ጭጭ አለ። እናትየው ስኒ ማጠብ ጀመረች። የታጠበውን ስኒ ነው። አንዷ ጎረቤት "አብሽሪ፣ ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው" አለች። ሌላዋ የስኳር ዋጋ አነሳችና ሁላችንም ተገላገልን። እኔም ስለ ስኳር ረዘም ያለ አስተያየት ሰጠሁ። በዚህ መሀል ልጁ ተነስቶ የእናቱን አንጓ ያዘ። ፊቷን አላያትም። እጇን ጎትቶ ሰፌዱ ላይ ያለው ዳቦ ላይ አሳረፈው። እሷም ቆርሳ ሰጠችው።

ጥፋቴን ልናገር። ያየሁት ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሬ ነበር። የተማርኩት ነገር ሆኖ አይደለም። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ የአጎቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ስሰማ የከረምኩት ነው።

የአጎቴ ልጅም የመጀመሪያ ልጇ ኦቲዝም አለበት። አምስት ዓመቱ ነው። ሁለተኛዋ ሴት ናት። ገና ስትወለድ ጀምሮ ሐኪሙ "ይህችን ለየት አድርገን ነው የምናያት" አላት። ምክንያቱ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት 1,605 ሕፃናትን ተከታትሏል። ሁሉም ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ያላቸው ናቸው። ከመቶ 20 ያህሉ ኦቲዝም ታየባቸው። ወንዶቹ ከሩብ ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ ሴቶቹ 13 በመቶ አካባቢ ናቸው። በሌላ አነጋገር ከአምስት አራቱ ኦቲዝም የላቸውም። ከነዚህም ግን ንግግር የሚዘገይባቸው አሉ። የአጎቴ ልጅ የሰማችው አንዱን ብቻ ነው። አራቱን አልሰማቻቸውም።

አሜሪካ መቼም ለሁሉም ነገር ቅጽ አላት። የሕፃናት ሐኪሞቹ ማኅበር ሁሉም ልጅ በ18 እና በ24 ወሩ ለኦቲዝም እንዲታይ ይመክራል። ወላጅ የሚሞላው 20 ጥያቄ ያለው ወረቀት አለ። ልጁ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነና ከተጠረጠረ ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ ምርመራው በነፃ ነው። ከተጠቆመበት ቀን አንስቶ በ45 ቀን ውስጥ ታይቶ፣ የሚገባው ከሆነ ቤተሰቡን ይዘው እቅድ ሊያወጡ ይቀመጣሉ። ባለሙያዋ ቤት ድረስ መጥታ ምንጣፉ ላይ ትንበረከካለች።

መጥታስ ምን ታስተምራለች? ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጪ። ያየችውን አብረሽ እይ፣ ስሙንም ንገሪያት። ድምፅ ስታወጣ መልሰሽ አስመስዪላት። ፊትሽን በጨርቅ ሸፍነሽ ግለጪና እስክትስቅ ጠብቂ። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ ሳቄ መጣ። አያቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ "ኩኩ!" ስትለኝ ማን አሠልጥኗት ነው?

ግን ሳቄ ወዲያው ጠፋ። ያ ቤት ውስጥ ነጠላ የሚጥል ሰው የለም። ባልየው ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ልጅቷን ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት እናቷና ቴሌቪዥኑ ናቸው። እናቷም ብትሆን ታናግራታለች ከምል ትፈትናታለች ብል ይቀላል። ከኋላዋ ትቆምና ስሟን ትጠራለች። ትቆጥራለች። ዞረች! ስልኳ ላይ ትጽፋለች። ልጅቷ ስትስቅ እሷ አብራ አትስቅም፤ አይን አይኗን አይታ ሳቀች ወይስ ጣሪያውን አይታ የሚለውን ነው የምታጣራው። አንድ ቀን "እስኪ ዝም ብለሽ ሳሚያት" አልኳት። አኮረፈችኝ።

በዚያ ላይ የዲያስፖራ ቡና አለ። አንዷ የኩፍኝ ክትባት ነው ኦቲዝም የሚያመጣው አለቻትና የልጅቷን ክትባት ወራት አዘገየችው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ95 ሺህ በላይ ልጆች የታዩበት ጥናት ወጥቷል። ይህንኑ የታናናሾችን ጉዳይ ለይቶ አይቶት፣ ታላቃቸው ኦቲዝም ያለበት ልጆችም ላይ ክትባቱ ምንም እንዳልጨመረ ነው ያገኘው። ይህን አንብቤላት ነው ልጅቷን ልታስከትብ የሄደችው። ደሴ ያለችው እናት ግን የክትባት ቀን አንድም ጊዜ አላለፋትም። ከሁለቱ አዋቂዋ ማን እንደሆነች እናንተው ፍረዱ።

ወደ ደሴ ልመለስ። በማግስቱ እናትየውን በር ላይ አገኘኋትና እንደምንም አፍ አውጥቼ ተናገርኩ። ጆሮውን ይታይ፣ መጀመሪያ እሱ ይጣራ፣ ከዚያ ደግሞ… አልጨረስኩም።

"ጋሼ" አለችኝ፣ "በስድስት ወሩ እኮ ስቆ አይጠግብም ነበር። ያየው ሁሉ ሸጋ ሸጋ ሲለው ዓይን በላብኝ።"

ዓይን አይደለም ማለት ቀላል ነው። እሷ ያየችውን ግን በትክክል ነው ያየችው። በስድስት ወር ላይ ኋላ ኦቲዝም የሚገኝባቸውም ሌሎቹም እኩል ይስቃሉ፣ እኩል ሰው ያያሉ፤ በዓይን ብቻ አይለዩም። ከዚያ በኋላ ነው ኦቲዝም የሚገኝባቸው ላይ ፊት ማየቱም ሳቁም ቀስ በቀስ የሚቀንሰው። የዓይን እንቅስቃሴ በሚከታተል መሣሪያ የለኩት ተመራማሪዎች ደግሞ የሰውን ዓይን የማየቱ ነገር ከሁለት ወር ጀምሮ መውረድ እንደሚጀምር እ.ኤ.አ. በ2013 ጽፈዋል። ይህን ነገርኳት። ሰማችኝ። ቀጥላ ያለችው ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

"እሺ፣ ነው እንበል። ለትልቁ ያልደረሰ ሐኪም ለትንሹ ምን ሊያደርግልኝ ነው? የት ውሰጂው ነው የምትለኝ?"

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ልጇ ኦቲዝም ያለበት ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው አዲስ አበባ ነው። ነፍሷን ይማርና፣ በአደባባይ ስለ ልጇ ባትናገር ኖሮ ስንቱ ቤት እስከ ዛሬ በሩን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። ግን አዲስ አበባ ያለ ማዕከል ለአገር አይበቃም። ሁለት ልጅ አዝላ 400 ኪሎ ሜትር ሂጂ ማለትም መልስ አይሆንም።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ልጁ በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ሄዷል፤ በዓመት ከሦስት ወሩም ለሁለተኛው ሄዷል። ልጅ መጠቆም የሚጀምረው፣ ስሙ ሲጠራ የሚዞረው በዚያው ዕድሜ ነው። "መዘኑት፣ ክንዱን ለኩት፣ ወጉት፣ በቃ" አለችኝ። ሁለቴ ደጃቸው ደርሷል። "በጣቱ ይጠቁማል ወይ?" ብሎ የጠየቀ የለም። ጥያቄው መርፌው ከሚወስደው ጊዜ አይበልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ወላጆችን የሚያሠለጥንበት ዘዴ አለው። ያቺ ቨርጂኒያ ላይ ምንጣፍ ላይ የምትንበረከከው ሴት የምታሳየው ዓይነት ነገር ነው፤ አገራችንም ተሞክሯል። ማሽን አይፈልግም። ሰው ነው የሚፈልገው፣ ሰው ደግሞ ሆጤ ሞልቷል። ያ ልጅ በቀን ከስንት ጉልበት ወደ ስንት ጉልበት እንደሚዘዋወር፣ ስንት ሰው "ወፌ ቆመች" እንዳለው ማን ቆጥሮ! እንዲያ ባለ ግቢ ስሙ ተጠርቶ የማይዞር ልጅ አይደበቅም። የሚደበቀው ወሬው ነው። እማማ አዩ፣ ተናገሩ፤ እኛ የስኳር ዋጋ አነሳን።

ቨርጂኒያ ስመለስ የአጎቴ ልጅ ሴት ልጅ ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር። መስኮት ላይ ቆማ የትምህርት ቤቱን ቢጫ አውቶቡስ በጣቷ ጠቆመች፤ ከዚያ ዞራ እናቷን አየቻት። አውቶቡሱን ስጪኝ ማለቷ አይደለም። አየሽው ወይ ነው። እናትየው ስልኳን ልታነሳ እጇን ዘረጋችና ተወችው። አብራት አውቶቡሱን አየች።

በዚያው ማታ 20ዎቹን ጥያቄዎች ወደ አማርኛ እየመለስኩ በቴሌግራም ድምፅ ወደ ደሴ ላክሁ። መብራት በመጣ ቁጥር፣ ልጆቹ በተኙ ቁጥር፣ መልሷ በሦስት ቀን እየተንጠባጠበ መጣ። አብዛኛው አጭር ነው። አዎ። አይ። አንዳንዴ። ስለ መጠቆም የጠየቅኳት ላይ ግን ዘገየች። ከጀርባዋ ሙቀጫ ይሰማል።

"እጄን ይዞ ነው የሚወስደኝ" አለች። "ይሄም መጠቆም ይባላል?"