ልጆች ቀለም ይለያሉ
ጥቁር ልጆችን ስለሚያሳዩ የሥዕል መጻሕፍት በወጣው ጽሑፍ ሥር «ትንንሽ ልጆች የቆዳ ቀለም ስለማይለዩ እንዲህ ያለ የሥዕል መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም» ያልከው ወንድሜ፣ በፍጹም አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኬኔት እና ማሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ልጆች ነጭና ቡናማ አሻንጉሊት ሲያቀርቡላቸው አብዛኞቹ ነጩን ነው የመረጡት። ገና በ3 ዓመታቸው! ጽሑፉ ግን የሥዕሉን ጥራት ዘሎታል። ጠይሙንም፣ ቀዩንም፣ ጥቁሩንም በአንድ ዓይነት ቡናማ የሚቀባ፣ ከርዳዳውን ጸጉር ዝም ብሎ ጥቁር ክብ የሚያደርግ መጽሐፍ ለልጅ ምን ይፈይድለታል? እኔ ለልጄ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ጸጉሩ እንዴት እንደተሳለ ነው። ደግሞ ለነጭ ልጆችም ይነበብላቸው፤ ጥቁሯን ልጅ በጸጉሯ የሚያሾፍባት እኮ ክፍል ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ነው።