ገነተ ልዑል ስጦታ ነው ወይስ ሽሽት?

ክርክሩን የጀመረው ወጣቱ ነው። ስድስት ኪሎ ተምሮ የወጣ ስለሆነ ስለ ዋናው ግቢ፣ ስለ ቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ሲወራ ዝም ብሎ መስማት አይሆንለትም። ጡረታ የወጡት መምህር፣ «ጃንሆይ የገዛ ቤታቸውን ለትምህርት የሰጡ ንጉሥ ናቸው» ሲሉ ገና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ገባባቸው።

«ጋሼ፣ ቤቱን አልሰጡም፤ ሸሹት እንጂ።»

«ከምን ሸሹ?»

«ከአረንጓዴው ሳሎን። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሳፍንቱንና ሚኒስትሮቹን ሰብስበው ያገቱት የት ነበር? ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ የተገደሉት የት ነው? እዚያው ገነተ ልዑል ውስጥ ነው። ልክ በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1954፣ ቤቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እንዲህ ያለው መገጣጠም ለእርስዎ ምንም አይልም?»

መምህሩ ተቆጡ። ቤቱ ከጠላት ወረራ በፊት የተሠራ፣ ባለቤቶቹ በክብር የኖሩበት መሆኑን አስታወሱት። «ደግሞስ ደም ያስሸሻል ካልክ፣ ልጄ፣ ደም ያየው በ1953 ብቻ ነው? በየካቲት 12 ቀን 1929 የጣልያኑ ገዥ ግራዚያኒ መቀመጫው አድርጎት በነበረው በዚሁ ግቢ ለድሆች ገንዘብ ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሕዝብ በጥይት ተቆላ፤ ከተማውም ሦስት ቀን ታረደ። ከድል በኋላ ጃንሆይ ያንን ሁሉ እያወቁ ተመልሰው ገብተውበታል።»

ይህ መልስ ወጣቱን ለጊዜው ያዘው። (እኔንም ይዞኛል። አምስት ዓመት በዱር በገደል ሲዋጋ ጣልያን ያልገደለው ራስ አበበ፣ ግራዚያኒ በተቀመጠበት ቤት በወገን ጥይት መሞቱን ሳስበው ዛሬም ይከብደኛል።)

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ የኖሩት ወይዘሮ እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም ነበር። «ሁለታችሁም ዩኒቨርሲቲውን ከቤቱ ጋር አንድ አድርጋችሁታል» አሉ። «ትምህርቱ የተጀመረው አራት ኪሎ ነው፤ በ1943፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር ካህን) በዶክተር ሉሲያን ማት መሪነት። ቤተ መንግሥቱ ሲጨመር ኮሌጁ ዐሥር ዓመት አልፎታል። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅና የጎንደር ጤና ኮሌጅም የዚያው ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነዋል። እነዚያን ማን ያነሣቸዋል?»

«እትዬ፣ እሱማ እውነት ነው፤ ግን...»

«ግን የለውም። ሕንፃው ዕድሜ የተበደረው ከአራት ኪሎው ኮሌጅ ነው። ውለታውን የመለሰው በ1955 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረትና በኋላ ብራናውና መጽሐፉ፣ የሙዚየሙ ዕቃ እዚያ ሲገባ ነው። የንጉሡን መኝታ ክፍል ለማየት የመጣ ሰው የገበሬውን ማረሻም አይቶ ይሄዳል።»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ወደ ስም ለውጥ ዞረና ተበተነ። ዩኒቨርሲቲው በ1967 አዲስ አበባ መባሉ ተገቢ ነው አይደለም የሚለው አንድ ሰዓት ፈጀ፤ እሱን ልተወው።

ፍርዴን ልናገር። በዘመን ቅደም ተከተሉ ወጣቱ ይረታል፤ ስጦታውን ከመፈንቅለ መንግሥቱ ነጥሎ ማየት አይቻልም። የአራት ኪሎ ኮሌጅ ተማሪዎች በዚያ ታኅሣሥ ሰልፍ ወጥተው መንግሥቱ ንዋይን ደግፈዋል። ያንን ትውልድ በአባትነት መልሶ ማቀፍ ለንጉሡ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ቤተ መንግሥት ደግሞ ትልቅ ማቀፊያ ነው። ሽሽት የሚለውን ቃል ግን አልቀበልም፤ የሸሸ ሰው ስሙን በበሩ ላይ ጽፎ ቻንስለር ሆኖ አይመለስም።

ማባበያ ነበር ከተባለ ደግሞ አልሠራም። ቤቱን ካስረከቡ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በየካቲት 1957፣ ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሄዱ። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱም ወታደር ግቢው ገብቶ ተኮሰ። መምህሩ ንጉሡ ለጋስ ነበሩ የሚሉት ቤቱን አይተው ከሆነ አልከራከራቸውም። የዚያን ማግስት ወታደር የላከው መንግሥት ግን የሳቸው ነው፤ ይህንንም አብረው ሊያነሡት ይገባ ነበር።