ሲሙሌሽን ከቤተ ሙከራ ይቅደም?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የምህንድስና ተማሪዎች ራሳቸው እያዘዙ የሚለዋውጧቸው የኮምፒውተር ሲሙሌሽኖች (የእውነተኛ ነገርን አሠራር በስክሪን ላይ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች) ከእውነተኛው መሣሪያ በፊት ሊቀርቡላቸው ይገባልን? ደጋፊዋ የኤሌክትሪካል ምህንድስና መምህርት፣ ተቃዋሚው የሲቪል ምህንድስና መምህር ናቸው።

ደጋፊ፦
ይገባል እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንድ ፊዚክስ ኮርስ ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ከፊሎቹን በእውነተኛ አምፖልና ሽቦ፣ ከፊሎቹን ደግሞ ፌት በተባለው ፕሮጀክት የሰርኪዩት (የኤሌክትሪክ ዑደት) ሲሙሌሽን አለማመዱ። በኋላ ሁሉም እውነተኛ ሰርኪዩት ገጥመው አሠራሩን እንዲያስረዱ ሲጠየቁ፣ በልምምዱ ሽቦ ያልነኩት የሲሙሌሽን ተማሪዎች በልጠው ተገኙ። ምክንያቱ አያስቸግርም፤ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ማንም አያየውም፣ በሲሙሌሽኑ ግን ተማሪው የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታውን ሬዚስተር ከፍ ሲያደርግ የኤሌክትሮኖቹ ጉዞ ሲዘገይ በዓይኑ ያያል። እኔ ባስተማርኩባቸው ዓመታት በአንድ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ዙሪያ ስምንት ተማሪ ተሰብስቦ፣ አንዱ ሲለካ ሰባቱ ቁጥር ሲገለብጡ አይቻለሁ። ያንን ቤተ ሙከራ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ተቃዋሚ፦
እህቴ የጠቀሱት የፊዚክስ መግቢያ ኮርስ ነው፤ መሐንዲስ ግን ካልታሰበ ነገር ጋር መጋፈጥን መማር አለበት። ስላምፕ፣ ማለትም ትኩስ ኮንክሪት ከሾጣጣ ቅርጽ ሲወጣ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ስንለካ፣ ቅርጹ ተነሥቶ ኮንክሪቱ ቀጥ ብሎ በመውረድ ፈንታ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ሲወድቅ፣ ተማሪው ድብልቁን በእጁ እየነካ የጎደለውን ይፈልጋል። ስክሪን ላይ የሚወድቀው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ያሰበው ብቻ ነው።

ስክሪንን የማመን ዋጋም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1991 ለሰሜን ባሕር ጋዝ ማውጫ የተሠራው የስላይፕነር ኤ ግዙፍ የኮንክሪት መሠረት፣ በኖርዌይ ፊዮርድ ውስጥ ዝቅ እየተደረገ ሳለ ግድግዳው ተሰብሮ ሰመጠ። ለአደጋው ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዱ፣ የኮምፒውተሩ ስሌት በግድግዳዎቹ መጋጠሚያ ላይ ያለውን ሸር ስትረስ (ግድግዳውን ቆርጦ ለማንሸራተት የሚገፋውን የውስጥ ጫና) በ47 በመቶ አሳንሶ ማውጣቱ ነበር።

ደጋፊ፦
ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ከአደጋው በኋላ መሠረቱ በ62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር ያመለከተው፣ ይበልጥ በጥንቃቄ የተሠራ የኮምፒውተር ስሌት ነው፤ የተሰበረውም በ65 ሜትር ላይ ነበር። ስህተቱ በመጋጠሚያው ላይ የተዘረጋው ሜሽ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ለስሌት መዋቅሩን የሚከፋፍልበት መረብ፣ ሻካራ (ዓይኑ ሰፊ) መሆኑ ነው። ሜሹን በጣቱ እያጠበቀ ውጤቱ እንዴት እንደሚቀየር ደጋግሞ ያየ ተማሪ፣ ሻካራ ሜሽ የሰጠውን ቁጥር እንደ ጥሬ እውነት አይወስደውም። ይህንን ደግሞ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያየው አይችልም።

ተቃዋሚ፦
ማየቱን አልክድም። ነገር ግን የውኃ ግፊት በየ10 ሜትሩ 100 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሚጨምር በ65 ሜትር ላይ 650 እንደሚደርስ፣ ከዚያም ግድግዳው የሚሸከመውን ሸር በእርሳስ ገምቶ የማያውቅ ተማሪ፣ ሜሹን መቶ ጊዜ ቢያጠብቀው ከሚያያቸው መልሶች የትኛውን እንደሚያምን በምን ይለየዋል? ቀለሙ ያማረውን ይመርጣል።

ደጋፊ፦
እርሳሱን እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ከሲሙሌሽኑ እንዳይነጠል እጠይቃለሁ። ተማሪው ግምቱን በቁጥር ሳያስገባ ሲሙሌሽኑ እንዳይነሣ፣ ከተነሣም በኋላ ግምቱና ውጤቱ ጎን ለጎን እንዲታዩ ተደርጎ መሥራት ይቻላል። ዝም ብሎ ከሚታይ ፊልም የሚለየውም ይኸው ነው። ኮንክሪቱን በእጁ ለመንካት ደግሞ በማግስቱ ወደ እርስዎ ቤተ ሙከራ ይምጣ።