ደሴ ስትሄዱ ደብተርና እርሳስ ያዙ

ባለፈው መስከረም ለዕረፍት ደሴ ሄጄ ነበር። ስመለስ ጓደኞቼ "እስኪ ፎቶ አሳየን" አሉኝ። ያወጣሁላቸው ደብተር ነው፤ አስራ አንድ ገጽ የእርሳስ ስዕል። አንዱ ገለጥ ገለጥ አደረገና "ስልክ በእጅህ እያለ ምን አደከመህ?" አለኝ። የዚያን ቀን በቅጡ አልመለስኩለትም።

ስልክ ይዤ ስዞር አንስቼ አልፋለሁ። ለመሳል ግን መቀመጥ ግድ ነው። ቁጭ ያለ እንግዳ ደግሞ ወሎ ውስጥ ብቻውን አይተውም።

አንድ ጠዋት ፒያሳ አካባቢ ጀበና ቡና ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ዱካ ላይ ተቀምጬ ፊት ለፊቴ ያለውን መንገድ መሳል ጀመርኩ። ቤቶቹን ጨርሼ ወደ ጦሳ ተራራ ቀና ስል ጉሙ ወርዶ ውጦታል። የገጹን ላይኛውን ክፍል ባዶ ተውኩት። አንድ ሊስትሮ ልጅ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ "ጋሼ፣ ጦሳን ረሱት እኮ" አለኝ።

"ጉም ሸፈነው።"

"እኔ አውቀዋለሁ" አለና በጣቱ ወረቀቱ ላይ አሳየኝ። እርሳሱን ሰጠሁት። እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ሳያቋርጥ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ሳበ። ቡናዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ጉሙ ተገለጠ። ሦስታችንም ተራራውን አየን፣ ወረቀቱን አየን። ልክ ነው! ሴትየዋ "ማሻ አላህ!" ብላ ሳቀች። እሷን መሳል እችል እንደሆነ ስጠይቃት "እኔን ተወኝ፣ ጀበናዬን ሳልልኝ" አለች። ጀበናዋን ሳልኩ። ስልክ ባነሳ ኖሮ ፊቷን ሳልጠይቃት ይዤው እሄድ ነበር።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈባቸው ከተሞች ናቸው። የማያውቁት ሰው ስልክ ሲደግንባቸው ቅር የሚላቸው ቢኖሩ አይፈረድባቸውም። ደብተር ግን የተገለጠ ነው። "ምን እየሠራህ ነው?" ያለህ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ማየት ይችላል።

አይጠየፍን የሳልኩት በማግስቱ ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙም ሀብታም ድሃ ሳይል ሁሉን ያስተናግዳል ለማለት የወጣለት። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ። እጄን ዘርግቼ አጠገቡ የሚያልፈውን ሰው ቁመት በእርሳሱ ለካሁና አዳራሹን በዚያ ልክ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ሰው፣ ሁለት ሰው፣ ሦስት ሰው... ስንት እንግዳ በአንድ ጊዜ ይቀመጥበት እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። በእግሬ ሁለቴ ዞሬው ነበር፤ አልታየኝም።

ካሜራ ሳይመጣ በፊት መንገደኛ ያየውን በእጁ ነበር የሚያስቀረው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 እ.ኤ.አ. ትግራይ ድረስ መጥቶ የአክሱምን ሐውልት ስሏል። አገራችንን እንግዳ እየሳለ እኛ በመኪና መስኮት የምናይበት ምክንያት አይታየኝም። ያኔ ሲያትል ይኖር የነበረው ጋዜጠኛ ጋብሪኤል ካምፓናሪዮ በ2007 እ.ኤ.አ. የጀመረው "ኧርባን ስኬቸርስ" የሚባል ስብስብ ዛሬ በብዙ አገሮች አባላት አሉት። ዋና ደንባቸው አንድ ነው፦ ቦታው ላይ ሆነህ፣ በዓይንህ ያየኸውን ሳል። የደሴ ወጣቶችም ቅዳሜ ጠዋት እየተሰባሰቡ ቢስሉ ደስታዬ ወሰን የለውም። ከተማቸው ተዳፋት ላይ የተሠራች ናት፤ የአንዱ ጣሪያ የሌላው በረንዳ ሥር ነው። ለሰዓሊ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ዕቃው ብዙ አይደለም። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ እርሳስ፣ መቅረጫ። ደሴ ጉም ስለሚበዛባት ወረቀቱ ይረጥባል፤ እስክሪብቶ ይንሸራተታል፣ እርሳስ ግን ይሠራል። ተራራውን አስቀድሙ፤ ቤቶቹ የትም አይሄዱም። የጦር ሰፈርና ኬላ አትሳሉ።

መሳል አልችልም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ያ ልጅም እችላለሁ አላለኝም። አውቀዋለሁ ነው ያለኝ።

በመጨረሻው ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ከ2500 ሜትር ገደማ ወደ 1850 ገደማ መውረድ ነው፤ ጃኬቴን አወለቅኩ። መናኸሪያው አጠገብ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩና ደብተሬን ገለጥኩ። አስራ አንደኛዋ ገጽ እዚያ ተጀመረች። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ መጣና "የኔንም ባጃጅ ክተታት" አለኝ።