ማስተካከያ፦ «ለክሩዝ ፓስፖርት አያስፈልግም» የተባለው ለሁሉም አይሠራም

ቀደም ሲል የወጣ መረጃ «ከአሜሪካ ወደብ በክሩዝ (የሽርሽር) መርከብ የሚጓዝ ሰው ፓስፖርት አያስፈልገውም» ይላል። እንዲህ በጥቅሉ መነገሩ ትክክል አይደለም። ሻንጣውን ይዞ የመጣ ቤተሰብ ወደብ ላይ እንዲቀር ያደርጋል።

ያለ ፓስፖርት መጓዝ የሚፈቀደው በዋናነት ለአሜሪካ ዜጎች ነው። ያውም መርከቡ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ፣ እንደ ባሃማስ ያሉ ቅርብ አገሮችን ዞሮ፣ እዚያው ወደብ የሚመለስ ከሆነ ነው። ያኔ የልደት ምስክር ወረቀትና መንግሥት የሰጠው ባለፎቶ መታወቂያ ለመመለስ ይበቃል። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የልደት ወረቀቱ ብቻውን ይሆናል። ጉዞው ሌላ አገር ላይ የሚያበቃ ከሆነ ግን ፓስፖርት ግድ ነው።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ግሪን ካርዱ ወደ አሜሪካ መመለሻ ነው። መርከቡ የሚቆምባቸው አገሮች የዜግነታችሁን ፓስፖርት፣ አንዳንዴም ቪዛ ሊጠይቁ ይችላሉ። በየወደቡ ያለውን ሕግ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ዜጋ ብትሆኑም ፓስፖርት ያዙ እላለሁ። ለሽርሽር ወርዳችሁ መርከቡ ቢያመልጣችሁ ወይም ታማችሁ ሆስፒታል ብትገቡ መመለሻው አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላን ነው። በልደት ወረቀት ደግሞ በአየር ድንበር መሻገር ጣጣ ነው። ፓስፖርት ካርድ የሚባለው፣ ለአሜሪካ ዜጎች የሚሰጠው ትንሽ ካርድም ለየብስና ለባሕር እንጂ ለዓለም አቀፍ በረራ አያገለግልም።

የመርከብ ድርጅቱ ከሕጉ የጠበቀ መስፈርት ሊኖረው ስለሚችል ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። ትኬቱና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑንም ፊደል በፊደል እዩ።