ወለሉ ያበራል፤ የአልጋው ብረትስ?

ባለፈው ክረምት እናቴን ለማስታመም አንድ ሆስፒታል ውስጥ 11 ቀን ሰንብቻለሁ። ስሙን አልጠራም። ጠዋት ጠዋት ጽዳቷ ባልዲዋን ይዛ ስትመጣ «አስታማሚ ውጡ!» ይባላል። ተመልሰን ስንገባ ወለሉ ያብረቀርቃል፤ የበረኪናው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። «ዛሬስ ደህና ጸድቷል» እንባባላለን።

አንድ ቀን እናቴን ደግፌ ስለነበር ሳልወጣ ቀረሁ። ጽዳቷ ወለሉን ወልውላ ስትጨርስ በአንድ ጨርቅ የመጀመሪያውን ታማሚ ኮሞዲኖ ጠረገች። ያንኑ ጨርቅ ያው ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ ጨመቅ አድርጋ ወደ ሁለተኛው አለፈች። ከዚያ ሦስተኛው። ስድስት አልጋ፣ አንድ ጨርቅ። እኛ ጋ ሲደርስ ውሃው የቡና አተላ መስሏል። የአልጋውን የጎን ብረት ግን ማንም አልነካውም። እናቴ ለመነሳት የምትጨብጠው እሱን ነው። ሲስተርም መርፌ ልትወጋ ስትመጣ የምትደገፈው እሱን ነው። አንድ የደረቀ ጠብታ ነበረበት፤ እስክንወጣ ድረስ እዚያው ነበር።

«እህቴ፣ በረኪናውን ስንት ነው የምትጨምሪው?» አልኳት።

«እስኪሸት ነዋ!» አለችኝ። ሥልጠና እንደወሰደች ስጠይቃት ሳቀች። የቀጠራት ኤጀንሲ ነው፤ የተሰጣት ጋውን፣ ባልዲና መወልወያ ነው።

በሷ አልፈርድም። ሽታ መለኪያ እንዳልሆነ የነገራት የለም። በቤታችን የምናውቀው በረኪና 5 በመቶ ገደማ ክሎሪን አለው። አንድ እጁን በዘጠኝ እጅ ውሃ ሲበጠብጡት 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ደም የፈሰሰበት ቦታ የሚጸዳው በዚህ ነው። ግን መጀመሪያ ደሙ ተነስቶ ቦታው በሳሙና መታጠብ አለበት። ክሎሪን ቆሻሻ ካገኘ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል፤ ለጀርሙ የሚተርፍ የለውም። ከተቀባ በኋላም 10 ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። እኛ ግን ቀብተን ወዲያው እናደርቃለን። ትናንት የተበጠበጠ ደግሞ ለዛሬ አይሆንም። መርጨትማ አይነሳ! በኮሮና ጊዜ በየበሩ ሰው ላይ ሳይቀር ሲረጭ የነበረውን የዓለም ጤና ድርጅት ያኔውኑ፣ በግንቦት 2012፣ አይጠቅምም ብሎ ነበር።

ወለልን ማንም አይጨብጥም። የሚጨበጠው የአልጋ ብረት፣ የበር እጀታ፣ የግሉኮስ ማንጠልጠያ፣ የመብራት ማብሪያ ነው። የግፊት መለኪያው ጨርቅ ደግሞ ከክንድ ክንድ ሲዞር ይውላል። አሲኔቶባክተር የሚባለው፣ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ፣ ደረቅ ነገር ላይ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት መቆየት ይችላል። ሐኪሙ እጁን አሽቶ ታጥቦ ያን ብረት ከያዘ መታጠቡ ምን ፈየደ? የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2022 ባወጣው ሪፖርት ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች በሀብታም አገሮች 7ቱ፣ እንደኛ ባሉት 15ቱ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል ብሏል።

«በጀት የለም» የሚለው መልስ አይጠፋኝም። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚመጣበት ጤና ጣቢያ እንዳለም አውቃለሁ። ቢሆንም ያረጀ አንሶላ ቀዶ ለየአልጋው አንድ ጨርቅ ማድረስ፣ ማታ ሰብስቦ ማጠብ፣ ይሄ የበጀት ጉዳይ ነው? ጤና ሚኒስቴር «ካሽ» ያለውን የንጹሕ ጤና ተቋም ንቅናቄ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ ኢንፌክሽን መከላከል ስብሰባ ሲጠራ ሐኪሙም ነርሱም ይቀመጣል። ጨርቁን የያዘችው ሴት ግን ሻይ ታቀርባለች። እኔ ብሆን ወንበሩን መጀመሪያ የምሰጠው ለሷ ነው።

እናቴ የወጣች ዕለት ዕቃችንን ገና እየሸከፍን አንሶላው ተገፈፈ፤ ሌላ ተነጠፈ። ፍራሹንም ብረቱንም የጠረገ የለም። አዲሷ ታማሚ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ነበር። ገብታ አልጋው ላይ ለመውጣት ብረቱን ጨበጠችው፣ ጠብታው ባለበት በኩል።