የሽሮ ጉባኤ

እኔና ታናሽ ወንድሜ አንድ ጡት ጠብተን፣ አንድ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ተሻምተን፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በአንድ ግቢ ብናድግም፣ እሱ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ግድም «ጌታን ተቀበልኩ» ብሎ ከመጣ ወዲህ በመካከላችን ሰላምታ እንኳ ተመዝኖ የሚሰጥ ነገር ሆኗል። «ጌታ ይባርክህ ጋሼ» ሲለኝ «አሜን» ማለቱ አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ እናታችን ከማድ ቤት ሆና የአሜኔን ርዝመት እንደምትለካው ማወቄ ነው። አጠር ያለች አሜን ከጨዋነት ትቆጠርልኛለች፤ ትንሽ ሳብ ካደረግኋትና ዓይኔን ከጨፈንኩ ግን «አንተም ልትሄድብኝ ነው?» የሚል ጥያቄ ከነማማሰያው በበሩ ብቅ ይላል።

በሰፈራችን የሰውን ቤተ እምነት ለማወቅ መታወቂያ መጠየቅ አያስፈልግም። «ጌታ» ብሎ ዐረፍ ያለው የወንድሜ ወገን ነው፤ «ጌታችን መድኃኒታችን» ብሎ የቀጠለው የእኛ ነው፤ «መድኃኔዓለም ያውቃል» ያለ እንደሆነማ ምርመራው እዚያው ይዘጋል። የተጠራው አንዱ ክርስቶስ መሆኑን ሁላችንም ብናውቅም፣ በየትኛው ስሙ እንደተጠራ ሳናረጋግጥ ልባችን አያርፍም። ሰው ሲያነጥስ የሚባለው «ይማርህ» ብቻ የየትኛው ወገን እንደሆነ ስላልተወሰነ እስከ ዛሬ በነፃነት እንገለገልበታለን።

«ስለ ሃይማኖት ተከራከርን» ስንል የተከራከርንበትን ጉዳይ ብትሰሙ ታፍሩብናላችሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቅነው ስለ ከበሮና ስለ ኪቦርድ፣ ጫማ አውልቆ ስለመግባትና ተጫምቶ ስለመግባት፣ እንዲሁም ጭብጨባ መንፈሳዊ የሚሆነው በስንተኛው ምት ላይ እንደሆነ ነው። እሱ «ለሥዕል ትሰግዳላችሁ» ይለኛል፤ እኔም «ሰባኪያችሁ ማይክራፎን ይዞ የሚጮኸው እግዚአብሔር መስማት ተስኖት ነው?» እለዋለሁ። የሌላውን ስሕተት ሁለታችንም በቃላችን እንወጣዋለን፤ ስለ ራሳችን ትምህርት ስንጠየቅ ግን እኔ «አባቶች ያውቃሉ» እላለሁ፣ እሱ ደግሞ «ፓስተሩ ቢያስረዳህ ይሻላል» ይላል።

ይህን በድፍረት የምናገረው ነገሩ እኔኑ አንድ ቀን በተማሪ ፊት ስላዋረደኝ ነው። ከደሴ ወጣ ብላ በምትገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በሰበሰቡትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በተገኙበት ጉባኤ፣ ሊቃውንቱ የክርስቶስ ልደት ሁለት ነው ወይስ ሦስት በሚለው ነገር ተከራክረው፣ ሁለት ልደት የሚለው የተዋሕዶ ትምህርት ጸንቶ፣ ሦስት ልደት የሚለው የጸጋ ወገን ተረትቷል። እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ሁልጊዜ በደንብ የያዝኩት ቁጥሮቹን ነበር። ይህንኑ በክፍል ሳወራ አንድ ቀን አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ የቀረው ሦስተኛው ልደት የትኛው ነው?» አለችኝ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ሲቀነስ አንድ ጽፌ ቆሜ ቀረሁ። የተረቱትን አባቶች ክርክር ቀርቶ የአሸናፊዎቹን እንኳ አላውቀውም ነበር፤ የአሸናፊው ወገን ደጋፊ ሆኜ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አጨብጭቤያለሁ።

ያን ቀን ማታ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ቅድመ ዓለም ያለ እናት ከአብ፣ ድኅረ ዓለም ያለ አባት ከድንግል ማርያም የተወለደው ልደት እነዚህ ሁለቱ እንደሆኑ፣ ሦስተኛ የሚሉት ደግሞ በመንፈስ ቅዱስ የሆነውን ጸጋ እንደ ልደት የቆጠሩት ሰዎች መሆናቸውን በትዕግሥት አስረዱኝ። በዕውቀት ተሞልቼ በቀጥታ ወደ ወንድሜ ቤት ሮጥኩና ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ፤ አገጩን እያሸ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያም «ይሄ እኮ ደስ ይላል ጋሼ፤ እንደዚህ አድርጎ የነገረኝ የለም» አለ። ለአንድ ደቂቃ ያህል የምንከራከርበት ነገር አጥተን ተፋጥጠን ተቀመጥን። ዝምታው ሲያስፈራን ጊዜ «ግን ከበሮው…» ብሎ እሱ ጀመረ፤ ሁለታችንም እፎይ አልን።

ታሪኩን ወደ ኋላ ስገፋው ደግሞ ሌላ የመቀነስ ሂሳብ አገኘሁ። በ451 እ.ኤ.አ. በኬልቄዶን ጉባኤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ተነጋግረው የተለያዩት ወገኖች፣ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ እና ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ስትልክልን የኖረችው የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ሺኖዳ ሦስተኛ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ተገናኝተው ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው መሆኑን የሚመሰክር የጋራ ቃል ፈርመዋል። በመካከሉ ያለው 1,522 ዓመት ነው፤ እሱም ቢሆን ሙሉ አንድነት አላመጣም። ስለዚህ እናቴ «መቼ ነው እናንተ ልጆች የምትስማሙት?» ባለች ቁጥር፣ ዘጠኙን ዓመት ቀንሼ የቀረንን 1,513 ዓመት እነግራታለሁ።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ ካቶሊክ ባልደረባ አለን። ቅዳሴው በግዕዝ ነው፤ የሚቆጥረው ዘመንም የእኛው ነው፤ ሆኖም የእኛ ሰዎች «ያው ከጴንጤዎቹ ጋር ነው» ሲሉት፣ የወንድሜ ጓደኞች «ያው ከኦርቶዶክሶቹ ጋር ነው» ይሉታል፤ እሱም በሁለቱም የሠርግ ድንኳን ውስጥ የማንም ሳይሆን ጠግቦ ይወጣል። አንድ ቀን በመምህራን ክበብ መጽሐፍ ቅዱስ ስንት መጽሐፍ ነው የሚል ክርክር ሲነሣ፣ የእኛ 81፣ የወንድሜ ወገን 66፣ የእሱ 73 መሆኑ ታወቀ። እኔ በሙያዬ ግዴታ 81ን እና 66ን ደምሬ ለሁለት አካፈልኩ፤ 73.5 መጣ። ካቶሊኩ ባልደረባዬ ወረቀቱን አይቶ «እንግዲህ መካከለኛው መንገድ ላይ ነበርኩ ማለት ነው» ብሎ ከሳቀ በኋላ፣ የጎደለችውን ግማሽ መጽሐፍ እኔ እንድፈልግለት አዘዘኝ።

በሌላው ላይ ይህን ሁሉ ስቆጥር የራሴን መዝገብ መደበቅ ነውር ነው። አንድ ዓርብ ለጉዳይ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ሙቀቱ ይሁን ሰይጣን አላውቅም፣ እግሬ አንድ ሥጋ ቤት አስገባኝ። «እዚህ ማን ያውቀኛል» ብዬ ከጥጉ መጋረጃ ጀርባ ጥብሱን አዝዤ ቀና ስል፣ ከፊት ለፊቴ ካለው ጠረጴዛ የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ፣ «ሙሴ» የምንለው፣ ቢላዋና ጥሬ ሥጋ ይዞ ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ ቀደመኝና «ዛሬ ሐሙስ መስሎኝ» አለ፤ እኔም «ሐሙስ አይደለም እንዴ?» አልኩ። ያን ዓርብ በሁለት ምስክር ቃል ሐሙስ አድርገነው በሰላም ተለያየን። ደሴ ስመለስ ወንድሜ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ከንፈሩ ደርቋል። በቤተ ክርስቲያናቸው የጾም ጸሎት ይዘው ኖሮ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። በሌላ ቀን ቢሆን «የእናንተ ጾም ደግሞ ቀን የለው፣ ሥርዓት የለው» እለው ነበር፤ ያን ዕለት ግን የጥብሱ ሽታ እንዳይደርሰው ፊቴን ወደ ጦሳ ተራራ አዙሬ «በርታ» ብቻ አልኩት።

ሁላችንን አንድ ማዕድ ላይ ያስቀመጠን ግን ባለፈው ታኅሣሥ 7 የደረሰው ሐዘን ነው። የወንድሜ ሚስት እናት ዐረፉ። እሳቸው ከልጃቸው ቤት ቢኖሩም እስከ መጨረሻው ማተባቸውን አልፈቱም፤ ስለዚህ ፍትሐት ተደርጎላቸው በደብራቸው ተቀበሩ፤ ለቅሶው ግን የተቀመጠው ጴንጤ ልጃቸው ቤት ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለውና መቃብር የሚቆፍረው ቅሬው ነው፤ የሰፈራችን ቅሬ ደግሞ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ያቀፈ ሲሆን፣ ዳኛው ሁላችንም «ሐጂ» ብቻ የምንላቸው አዛውንት ናቸው።

ችግሩ የመጣው እዝኑ ሲሰበሰብ ነው። ጊዜው ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም ነበርና የእኛ ሴቶች የጾም ወጥ ይዘው መጡ። የወንድሜ የቤት ኅብረት አባላት ሐዘንተኛ ይጽናና ብለው ምንቸት አብሽ ሠርተው አመጡ። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች በበኩላቸው በቢስሚላህ የታረደ ሥጋ የተሠራበትን ወጥ ለየብቻ አስቀመጡ። እናቴ ከሁሉም ቀድማ የራሷን ድስት ይዛ ገብታ ነበር፤ የልጇ ቤት ድስት ሥጋ ነክቶት ይሆናል ብላ ስለምትጠራጠር በጾም ወራት ወደዚያ ቤት ያለ ድስቷ አትሄድም። ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበትን አዳራሽ «አይጠየፍ» ብለው ሰይመው በተዉባት ከተማ፣ በአንዲት ድንኳን ውስጥ ማን ከማን ሰሃን እንደሚበላ ለመወሰን ሦስት ሴቶችና አንድ ዲያቆን ሲመካከሩ ቆሜ አየሁ። የእናቴን ድስት ተሸክሜ ስለነበር እኔም ከታዛቢነት አልፌ የነገሩ ተባባሪ ነበርኩ።

ሐጂ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ፈረዱ፦ «አብሽሩ! ሽሮ ደም የለው። የታረደው ሁሉ ጓዳ ይግባ፤ ሽሮ ያላችሁ ሽሮ አቅርቡ። ለቅሶ ላይ ሰው ተቦዳድኖ አይበላም።» ምንቸት አብሹ እየተሸፈነ ወደ ጓዳ ሲገባ ከኅብረቱ ወጣቶች አንዳንዱ በዓይኑ ሸኘው እንጂ የተቃወመ አልነበረም። ለኬልቄዶን ያልሆነላትን ነገር፣ የሽሮ ድስት በሩብ ሰዓት ጨረሰችው።

ቀጥሎ ማዕዱን ማን ይባርክ የሚል ጥያቄ መጣ። ቄሱ ወደ ፓስተሩ፣ ፓስተሩ ወደ ቄሱ «እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ሽሮው መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ወንድሜ ብልኅ መስሎት «አባታችን ሆይን ሁላችንም እናውቀው የለ፤ አብረን እንበል» አለ። ተነሥተን በአንድ ድምፅ ጀመርን፤ እውነት ለመናገር ልቤን ነካው። እንጀራው ላይ ስንደርስ ግን የእኛ ወገን «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» ሲል የእነሱ ወገን «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» አለና ቃሉ አየር ላይ ተጋጨ፤ ያቺ «ዛሬ» አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ስትሮጥ እኔ መሀል ላይ ጠፍቶኝ «ዛሬ ስጠን ለዛሬ» ብዬ አረፍኩ። እንደ ምንም «ለዘለዓለሙ አሜን» ላይ ተገናኘን። የወንድሜ ጓደኞች ጸሎቱ ያለቀ መስሏቸው ሲቀመጡ፣ እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ሆይ» ብላ ቀጠለች። ግማሹ ሰው ቆሞ፣ ግማሹ ተቀምጦ፣ ሁለት ሦስቱ ደግሞ ከመቀመጫው አንድ ስንዝር ከፍ ብለው በመካከል ቀሩ። ወንድሜ ከእነዚያ አንዱ ነበር፤ የእናቱ ጸሎት እስኪፈጸም ድረስ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ እንደዚያው ቆየ። ሐጂ መጨረሻ ላይ በወሎ ምርቃት ሲያሳርጉት «አሜን»ና «አሚን» ተደባልቆ ከድንኳኑ ወጣ፤ ከውጭ የሰማ ሰው የቱ የማን እንደሆነ የሚለይ አይመስለኝም።

ወንድሜ ተዝካር አያምንም። «ለሞተ ሰው የሚደረግ ጸሎት መጽሐፍ ላይ የለም» ብሎ ሰባት ጊዜ ነግሮኛል፤ እኔም «የእናንተው ላይ ነው የሌለው፤ 15 መጽሐፍ ጎድሎባችኋል» ብዬ ሰባት ጊዜ መልሼለታለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ጥር ላይ ደውሎ «የምስጋና ምሳ አለን ጋሼ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተናል፤ የኔ ቢጤዎችም ይመገባሉ» አለኝ። መቼ ነው ስለው «ጥር 16» አለ። ከታኅሣሥ 7 ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ልክ 40 ቀን። «ዐርባቸው ነው እንዴ?» ብለው «ኧረ እንዲያው የገጠመ ቀን ነው» አለና ስልኩን ቶሎ ዘጋው። የሚስቱ እናት ከመሞታቸው በፊት ምን አደራ ብለውት እንደነበር አልጠየቅሁትም፤ አንዳንድ ስሌት ውጤቱ ትክክል ከሆነ አሠራሩ አይጠየቅም።

በዕለቱ ጾም ስላልነበረ በግ ታርዶ ቤቱ በወጥ ሽታ ታውዷል። ቄሱ መጡ፣ ፓስተሩ መጣ፣ ካቶሊኩ ባልደረባዬም ከእኔ ጋር ገባ፤ የማኅበራችን ሙሴም በሩ ላይ ሲያየኝ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። ሁሉም ተቀምጦ እጅ ከታጠበ በኋላ እናቴ ወደ በጉ ወጥ ጎንበስ አለችና «ማን ነው የባረከው?» አለች። የባረኩት የወንድሜ ኅብረት ልጆች ነበሩ። ቄሱ መስቀላቸውን በመሐረብ መጥረግ ጀመሩ፤ ፓስተሩ ጣሪያውን አየ፤ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች ቀድሞውንም ጉዳዩ የማይመለከታቸው መስለው ዳቦውን እየቆረሱ ነው። ሐጂ ምርኩዛቸውን አንሥተው ገና መሬቱን ሳይመቱ፣ እናቴ ከነጠላዋ ሥር ድስቷን አውጥታ ማዕዱ መካከል አስቀመጠችና ክዳኑን ከፈተችው።